ግንቡ የደረቀበት ክረምት

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በሰጠን ወረቀት ላይ «በከባድ ዝናብ ምክንያት በደረሰ የተፈጥሮ አደጋ» ይላል። ማኅተምም አለው። እኔ ግን ያንን ወረቀት ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ዝናቡ ምን አደረገ? የዝናብ ሥራው መዝነብ ነው፤ ያን ክረምትም እንደ ወትሮው ዘነበ፣ ምናልባት ትንሽ በርከት ብሎ ይሆናል። ተፈጥሮ ሲሚንቶ አታቦካም። የውሃ ቀዳዳም አትደፍንም። በዚያ ግንብ ላይ ከነበሩት ቀዳዳዎች ሁለቱን በገዛ እጄ የደፈንኩት እኔ ነኝ። ስለ ሰውየው የምናገረውን ከባዳ አፍ እንደሚወጣ ወሬ አትስሙት።

ሰውየው ግንበኛ ነበር። «አባ ቀዳዳ» የሚለውን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እጄና እግሬ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ናቸው፣ አፌ ግን ሥራ ፈት ነው። ሥራ የፈታ አፍ ደግሞ ስም ያወጣል። ስሙ ሰፈሩን አዳርሶ እሱ ጋ ሲደርስ አልተቆጣም። «እውነቱን ነው፤ ስሠራ የኖርኩት ግንብ ሁሉ በቀዳዳው ነው የቆመው» አለ አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰፈራችን በላይ መንገድ ያልፋል። መንገዱ ሲሰፋ ዳገቱ ተቆረጠ፤ የተቆረጠው አፈር እንዳይናድ ደግሞ በድንጋይ ግንብ ተደገፈ። ቁመቱ ሦስት ሰው ቢደራረብ አይደርስበትም፣ ርዝመቱ ስልሳ እርምጃ ነው። ከሠሩት ግንበኞች አንዱ እሱ ነበር፤ ያኔ ጎረምሳ ነው። ከግንቡ ጀርባ ጠጠር እየሞላ፣ በድንጋዮቹ መሃል ቱቦ እየቀበረ ሠላሳ ስድስት ቀዳዳ ተወለት። የሥራው ኃላፊ «ቀኑን በቱቦ ጨረስከው፣ እለፈው» ቢለው እምቢ አለ። ከሥራ ሊያባርረው ሲቃጣ እንኳ ንቅንቅ አላለም። ይህን ታሪክ ከራሱ አፍ ቢያንስ ሃያ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ በሰማሁ ቁጥር አዛጋለሁ።

ግንቡ አለቀ፣ ከዚያ እኛ መጣን። ሦስት ግድግዳ ብቻ ከሠራህ አራተኛው በድንጋይ ተሠርቶ ተቀምጧል፤ እንዲህ ያለ ቦታ ማን ያልፋል? አሥራ አንድ ቤት ሆነን፣ ልጅ እናቱ ጀርባ ላይ እንደሚለጠፍ፣ ግንቡ ላይ ተለጠፍን። የከለከለን አልነበረም። መጥቶ የተናገረን ሰው እሱ ብቻ ነው።

«ሦስት እርምጃ ራቁለት» አለን።

«ይወድቃል እንዴ?» አልኩት።

«እስካለቀሰ ድረስ አይወድቅም። በየቀዳዳው ውሃ ሲያወርድ እያለቀሰ ነው በለው፤ ያኔ ደኅና ነው። በዝናብ ዝም ሲል ነው የሚፈራው።»

«እሱስ ልክ ነህ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አልኩና ሰዉን አሳቅኩት። እሱም ፈገግ አለ። ቀልድ ይገባው ነበር፤ ብቻ ቀልዱ ሲያልቅ ወደ ነገሩ ይመለሳል። እኔ ደግሞ ከቀልዱ አልመለስም።

በየዓመቱ ክረምት ሊገባ ሲል አንድ እሑድ ይመርጥና ድጅኖውን ትከሻው ላይ አድርጎ ይመጣል። ከአንደኛው ቤት ጀምሮ እያንኳኳ ይገባል። አልጋ ያስነሳል፣ ቁም ሣጥን ይገፋል፣ ድጅኖውን ቀዳዳው ውስጥ እየሰደደ ጭቃና ሥር ጎትቶ ያወጣል። አንድ ጊዜ ከእኔ ቀዳዳ የአይጥ ጎጆ አወጣ፤ ጎጆው የተሠራው እኔ ቆርጬ ከጣልኩት የሱፍ ብጥስጣሽ ነበር። «አይጧም ደንበኛህ ናት?» አለኝ። የግራ እጁ አውራ ጣት በመዶሻ ተመትቶ ጥፍሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ቀርቷል፤ በዚያ ጣት ቀዳዳውን ዳር ዳሩን ይዳስሳል። ሲጨርስ ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ጭቃ ራሱ ይጠርጋል። ከሻይ በቀር ምንም አይቀበልም። ይህን ሁሉ ማን አዘዘው? ማንም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውን እኛ በአፍ እናወራዋለን፣ እሱ ይኖረው ነበር።

ሚስቱ ገና በልጅነቷ ሞታ አንዲት ሴት ልጅ ትታለት ሄደች። እየሠራ አሳደጋት፤ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተኝታ ነው ያደገችው። ልጅቱ አደገች፣ የጭነት መኪና ሹፌር አገባች፣ አማርጣ አማርጣ ከእኔ ቀጥሎ ያለውን ሰባተኛውን ቤት ተከራየች። አባቷ ሲሰማ ድርቅ ብሎ ቀረ።

«ሌላ ቤት ጠፋ?»

«ያገኘነው ይሄን ነው አባዬ።»

ሕፃኑ ሲወለድ ነገሩ ከፋ። ደረቱ ደካማ ነበር፤ እየሳለ ያድራል፣ ትንፋሹ ያፏጫል። በስድስት ወሩ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኛ። ሐኪሙ «ይህ ልጅ እርጥበት ካለበት ቤት ይውጣ» አላት። ወዴት ይውጣ? አባቷ «ወደ እኔ ነይ» አላት፤ ባሏ ደግሞ «አማቼ ቤት አልጠጋም» አለ። ወንድነት በማይፈለግበት ቦታ ሁሉ አንገቱን ብቅ ያደርጋል። እሷም አባቷን መለመን ያዘች፤ በጓዳዋ በኩል ያሉትን አራት ቀዳዳዎች እንዲደፍንላት ነው። ሁለት ጊዜ እምቢ አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትለምነው ሕፃኑ እቅፏ ላይ እያፏጨ ነበር።

በማግስቱ ባልዲ ይዞ መጣ። በቤቴና በልጁ ቤት መካከል አንድ ሰው የሚያሳልፍ ቀጭን መተላለፊያ አለ፤ እዚያ ሆኖ ሲሚንቶ ሲያቦካ አየሁት። እሱም ሳየው አየኝ። ሳልጠይቀው «ክረምቱ ሳይገባ እከፍተዋለሁ» አለ።

ያን ጊዜ ዝም ማለት ነበረብኝ። አሥር ሰው ሱሪ ሊያስለካ መጣ፤ ለአሥሩም አወራሁ። «አባ ቀዳዳ ራሱ ደፈነ።» ወሬው ወሬ ሆኖ አልቀረም። ሃያ ዓመት ሙሉ ወለሉ የረጠበበት ሰው ሁሉ፣ ግንበኛው ራሱ ከደፈነ ምን ቸገረኝ አለ። ወር ሳይሞላ ቀዳዳ የሚባል ነገር ጠፋ። አንዳንዱ ለስኖ ቀለም ቀባው። እኔም ሁለቱን ደፈንኩ፤ ከእሱ ከረጢት በተረፈው ሲሚንቶ ነው የደፈንኩት።

ክረምት ሊገባ ሲል ድጅኖውን ይዞ መጣ። ገና በመጀመሪያው ቤት፣ እዚያ የምትኖረው ባለሱቅ በሩ ላይ ቆመችበት።

«መጀመሪያ የልጅህን ክፈት» አለችው። ከኋላዋ ደግሞ አንዱ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አለ።

ወደ ሴት ልጁ ቤት ሄደ። ሕፃኑ ተኝቷል። ሳሉ ቆሟል፤ ጉንጩ ሞላ ብሏል። እሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባዬ፣ አንድ ዓመት እስኪሞላው ብቻ» ስትለው በመተላለፊያው በኩል ሰማኋት። ድጅኖውን ቀዳዳው ላይ ሳያሳርፍ ትከሻው ላይ መለሰው። ሲወጣ ወደ እኔ አላየም። እኔ ግን «ዛሬስ ቀዳዳ ተዘጋ» ብዬ ሳቅኩበት። ይህንን ሳቅ ዛሬም እሰማዋለሁ።

ዝናቡ ገባ። ግንቡ ደረቅ ነው። ሳፋ አላስቀመጥንም፣ ጨርቅ አልጨመቅንም። እንኳን ደስ ያለህ ተባባልን። እኔ ግንቡ ላይ ምስማር መትቼ የጨረስኩትን ልብስ ሰቀልኩ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ስሰማ የኖርኩት ወንዝ ለሚሻገር ሰው የተባለ መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እሱ ደጄ ላይ ቆመ። ከራስ ጠጉሩ እስከ እግሩ ውሃ ነው።

«ሜትርህን አውሰኝ» አለ።

አንገቴ ላይ የማንጠለጥለውን ሜትር ሰጠሁትና ተከትዬው ወደ መተላለፊያው ገባሁ። ግንቡ ሳይሸፈን የሚታየው እዚያ ብቻ ነው። ከጣሪያዬ ጠርዝ ላይ ቱንቢውን አንጠለጠለ፤ ከክር ጫፍ የታሰረ ብረት ነው፣ ሲረጋ ክሩ ቀጥ ይላል። ከደረት ከፍ ብሎ ግንቡ ሆድ አውጥቷል። እስከዚያች ቀን በዚያ ሳልፍ ልብ አላልኩትም። ሜትሩን ከድንጋዩ እስከ ክሩ ዘረጋ። ዓይኑ የቅርብ ነገር አያይለትም ነበር።

«ስንት ይላል?»

«አሥራ ሁለት ሳንቲም።»

ክሩን እንደተንጠለጠለ ትቶ ወደ ጽሕፈት ቤት ሄደ። ጸሐፊው በደንብ አናገረው፣ ወንበርም ሰጠው፤ ከዚያ «ማመልከቻ ይጻፉ፣ መሐንዲሱ ሰኞ ይመጣል» አለው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ስድስት ሰዓት ላይ ተመልሶ መጣና እንደገና ለካን።

«ስንት ይላል?»

«ዘጠኝ።»

«በሦስት ሰዓት ሦስት ሳንቲም ተገፋ» አለ፤ ለራሱ ነው የሚናገረው።

«ሦስት ሳንቲም እኮ ልብስ ቢሆን በስፌት ይስተካከላል» አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። አልሰደበኝም። «ቤትህን ልቀቅ ወንድሜ» አለኝ። «ቀዳዳውን አሁን ብንከፍተውስ?» ስለው «አልፎናል፤ አሁን ከነካነው በላያችን ላይ ነው የሚመጣው» አለ።

አሥራ አንዱንም ቤት አንኳኳ። በዝናብ ወዴት ነው የምንሄደው? በየዓመቱ ሲያስፈራራን አልኖረም? ደግሞ ግንቡ ደረቅ ነው፤ ደረቅ ግንብ ምን ይሆናል? ሰው ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ሃያ ዓመት የነገረን አንድ ነገር ነበር፤ ግንቡ በዝናብ ዝም ሲል ፍሩ። ዝም ያለ ቀን ደስ አለን።

እሱ በቤቶቹ ፊት ባለው መንገድ መሃል ላይ ቆመ። ጮክ ብሎ የማይናገር ሰው ነው፤ ያን ቀን ጮኸ።

«ስሙኝ። ይህን ግንብ ከሠሩት አንዱ እኔ ነኝ። ቀዳዳው ከተደፈነ ውሃው ከኋላ ተጠራቅሞ እንደሚገፋው ከማናችሁም በላይ አውቃለሁ። እያወቅኩ ደፈንኩት። ለልጅ ልጄ ብዬ ነው። እናንተ እኔን አይታችሁ ነው የደፈናችሁት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ስደቡኝ፣ ክሰሱኝም። ግን ወጥታችሁ ከግንቡ አልፎ ያለው መታጠፊያ ላይ ቆማችሁ ስደቡኝ።»

በሮች ላይ ፊቶች ብቅ አሉ። ሃያ ዓመት ያካበተው ክብር ያ ነበር፤ በአንድ ትንፋሽ አውጥቶ መሬት ላይ አፈሰሰው። የወጣ ግን አልነበረም።

ወደ ሴት ልጁ ቤት ገባ፤ ባሏ ጭነት ይዞ ከከተማ ወጥቷል። ሕፃኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ልጁን ከነሕፃኑ አወጣና ለባለሱቋ አስረከባት። «መታጠፊያው ድረስ ውሰጂልኝ» አላት። ራሱ ግን ተመልሶ ገባ። በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ ጀርባውን ግንቡ ላይ አስደገፈ።

«አሥራ አንዱም ቤት ባዶ ሲሆን እወጣለሁ» አለ።

ልጁ ጩኸቷን ለቀቀችው። እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም፤ ሰምቶ ቤቱ መቀመጥ የሚችል ሰው ያለም አይመስለኝም። ሰው የወጣው ግንቡን ፈርቶ አይደለም። በእሷ ጩኸት አፍሮ ነው። አልጋ፣ ፍራሽ፣ ድስት፣ የታመመ፣ ሽማግሌ፣ ሁሉም ወጣ። ሴቶቹ እሷን ደግፈው ወሰዷት፤ መታጠፊያው ላይ ካለ ሱቅ ውስጥ ስትገባ ራሷን ስታ ወደቀች አሉ። ስምንት ሰዓት ገደማ ከመታጠፊያው «ሁሉም ወጥቷል፣ ውጣ» የሚል ድምፅ ተጣራ።

ሁሉም አልወጣም ነበር። እኔ አለሁ። ወጥቼ ነበር፤ ለስፌት መኪናዬ ብዬ ተመለስኩ። ሙሉ ብረት ነው፣ ለአንድ ሰው አይነሣም። ወለሉ ላይ እየጎተትኩት ሳለ እሱ ከልጁ ቤት ወጥቶ በደጄ አለፈ። ሠላሳ እርምጃ ቢጨምር መታጠፊያው ጋ ይደርስ ነበር። ከሚጥለው ዝናብ የተነሣ ከእኔ በቀር ያየው የለም።

አየኝና ቆመ። «ተወው» አላለኝም። እንደማልተወው አውቋል። ገባና በውስጥ በኩል ያለውን የመኪናውን እግር ያዘ።

«በል፣ አንሣ» አለ።

እኔ ወደ ኋላ እየተራመድኩ ወጣሁ። መኪናው ግማሹ ከበሩ ወጥቷል፣ እጄ ብረቱ ላይ ነው፣ ፊት ለፊት የእሱ ጠፍጣፋ አውራ ጣት ይታየኛል። ከዚያ ድምፅ መጣ። ያን ድምፅ አልገልጸውም። ሲያበቃ የእኔም ቤት የልጁም ቤት አንድ ክምር ሆኗል፤ እኔ ጭቃ ውስጥ ተቀምጫለሁ፣ መኪናው ጉልበቴ ላይ ነው።

ማታ አስከሬኑ ሲወጣ ከሁለቱ ቤት ድንጋይ መሃል ተገኘ። ሰው ሁሉ ከልጁ ቤት ሳይወጣ የቀረ መሰለው። ለቀስተኛውም ሲያወራ «በልጁ ጓዳ ተቀምጦ ሞተ» አለ። እሷም ያንኑ ሰማች። አራቱን ቀዳዳ ለምና ያስደፈነችው እሷ ናት፤ አባቷም እዚያው ሥር ቀረ። አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ተሸክማ ስትሄድ አየኋት። እኔ በየሳምንቱ አገኛታለሁ፣ ሰላም እላታለሁ፣ ስለ ልጁ እጠይቃታለሁ። አፌ ያን ዓመት ሥራ አልፈታም፤ ዝም በማለት ተጠምዶ ነበር።

ግንቡ እንደገና ተሠራ። ቤቶቹ ከግንቡ ሰባት እርምጃ ራቁ፤ በመካከሉ ምንም እንዳይሠራ ተከለከለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ ግን ይጩኽ፤ ጨርሶ ካለመጮህ ይሻላል። ቀዳዳዎቹ ሠላሳ ስድስት ናቸው፤ ቆጥሬያቸዋለሁ።

ዘንድሮ ክረምት ሊገባ ሲል አንድ እሑድ ወደዚያ ሄድኩ። እሷ ቀድማኝ ነበር። የአባቷን ድጅኖ ይዛ የታችኛውን ረድፍ ትጠርጋለች። ልጁ ቆሞ ይሄዳል፤ ጭቃውን በእንጨት ይወጋል። ጎኗ ቆምኩ።

«አባትሽ ከቤትሽ ወጥቶ ነበር» አልኳት።

እጇ ቆመ።

«በደጄ ሲያልፍ እኔን አየ። ለስፌት መኪናዬ ተመልሼ ነበር። ሊያነሣልኝ ገባ። የሞተው እኔ ቤት ነው፤ ያንቺ ጓዳ አይደለም። ዓመት ሙሉ ሳልነግርሽ ቀረሁ።»

ድጅኖውን ከቀዳዳው አወጣችው። ጫፉ ላይ የቀረውን ጭቃ በመዳፏ ጠረገች። ልትመታኝ የምትችል መሰለኝ፤ ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። ወደ ግንቡ ዞራ ቀጥሎ ያለውን ቀዳዳ ጠረገች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል።

«መኪናው አለ፣ ጋሼ?» አለችኝ።

«አለ።»

«ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«እንግዲያው ለልጁ ሱሪ ይስፉለት። ያለው ሁሉ አጥሮበታል።»

ጭቃው ላይ ተንበረከክኩ። ሜትሩን ከአንገቴ አውርጄ በልጁ ወገብ አዞርኩት። ሆዱን ነፍቶ ቀጥ ብሎ ቆመልኝ። ትንፋሹ አያፏጭም።

«ስንት ይላል?» አለችኝ።

ቁጥሩ ወዲያው አልታየኝም። ዓይኔን ጠርጌ እንደገና አየሁት።

«አርባ ስምንት።»

«ትንሽ ይትረፍረፍለት፣ እያደገ ነው።»

ሦስት ሳንቲም ጨመርኩለት።